አንገቱ ወዴት እንደዞረ

"እዚህ ጋ የሚጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው" አለች ዶክተር ኡሙልኸይር፣ ጣቷን ቅጹ ላይ አሳርፋ። በፈረንሳይኛ ነው ያለችው። መስመሩ ላይ "ታማሚውን ቢያንስ አሥር ዓመት በቅርብ የሚያውቅ፣ አሁንም አብሮት የሚኖር ሰው" ተብሎ ታትሟል።

ከጠረጴዛው ወዲህ ሦስት ወንበር አለ። መሃል ባንቲሁን፣ በግራው እኔ፣ በቀኙ ቡርቱካን። እኔ አፀደ እባላለሁ፤ ባንቲሁን ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ጅቡቲ ሲገባ የሚያርፈው እኔ ቤት ነው። ቡርቱካን ናዝሬት ያለችው የልጆቹ እናት ናት። ሁለታችንም አንገታችንን ወደዚያ መስመር አስግገናል። ባንቲሁን ብቻ መስኮቱን ያያል።

"የኔን ይጻፉ" አልኳት ዶክተሯን።

"ምን አልሻት?" አለች ቡርቱካን።

"ስለ ሙቀቱ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር ኡሙልኸይር ፈረንሳይ አገር ተምራ የተመለሰች የጅቡቲ ልጅ ናት። የምታጠናው፣ ሰው ሲያረጅ፣ አንዳንዴም በቅጡ ሳያረጅ፣ አንጎሉን እየሸረሸረ ትዝታውን የሚወስደውን በሽታ ነው። ጥናቱ የሚካሄደው ከሆስፒታሉ ዋና ሕንፃ ጀርባ፣ ድሮ ዕቃ ቤት በነበሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። የሚመዘገቡት ዕድሜያቸው የገፋ ሹፌሮችና የወደብ ወዛደሮች ናቸው። የተመዘገበ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ይታያል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ግን ከተማው ውስጥ መኖር አለበት፤ ያውም በዚያ መስመር ላይ ስሙ ከተጻፈው ሰው ጋር። ካልተመዘገበ፣ የሚነዳለት ድርጅት ወደ ናዝሬት ይመልሰዋል። በአጭሩ ስሟ የተጻፈላት ሴት ባንቲሁንን ይዛ ትቀራለች።

እኔ ቅጽ አልፈራም፤ እንጀራዬ ነው። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ። ለሹፌሩ የጉምሩክ ወረቀት፣ ለሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ፣ ወደ የመን ለሚሻገሩት ደግሞ ለእናታቸው "ደህና ነኝ" የሚል ደብዳቤ እጽፋለሁ። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ቀጥሎ ከሬዲዮ፣ በመጨረሻ ከጉምሩክ ወረቀት ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። ለዚህ ነው ስናገር ግማሹ ዜና፣ ግማሹ የዕቃ ርክክብ ይመስላል የሚሉኝ። የሞላሁት ቅጽ ግን አንድም ቀን ጎደለ ተብሎ ተመልሶብኝ አያውቅም።

ባንቲሁንም የመጣልኝ በወረቀት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1998 የአሰብ ሹፌር ነበር። ጦርነቱ አሰብን ሲዘጋ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከመኪናው ጋር ባንቴም ዞረ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ፣ "እመቤት፣ እስቲ ይቺን ወረቀት ምን ትላለች በይልኝ" አለ። ወረቀቷ የምትለው ጭነቱ አምስት ቀን እንደሚዘገይ ነበር። አምስቱንም ቀን እኔ ዘንድ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እመቤት ነው የሚለኝ፤ አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ክብር መስሎኝ ነበር።

ናዝሬት የልጆች እናት እንዳለችው ነግሮኛል። የነገረኝ ግን ያለቀ ነገር አድርጎ ነው። ላለቀ ነገር በየምልልሱ ዘይትና ማካሮኒ ለምን እንደሚጫን አልጠየቅኩም። ሰው ሁሉን ነገር ከጠየቀ ምን ቀረው?

በሽታው የታየው አምና ነው። ከፔካ 12፣ ከመኪና ማቆሚያው ደወለልኝና "እመቤት፣ ናዝሬት ገብቻለሁ፤ የግቢውን በር ክፈቺልኝ፣ መኪናውን ላስገባ" አለ። የስልክ ቁጥሩን አልተሳሳተም፤ ከተማውን ነው የተሳሳተው። እኔ ግቢ የለኝም። ከሁለት ወር በኋላ ጭነት እንደያዘ ጋላፊ ጠረፍ ደርሶ፣ ያራገፈ መስሎት ተመልሶ ወደብ ገባ። ድርጅቱ ቁልፉን ተቀበለው። የሥራ ባልደረባው ሁንዴ እጁን ይዞ በሬ ላይ አመጣልኝና "እትዬ አፀደ፣ ሰውዬሽ መንገዱ ጠፍቶበታል" አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁንዴን እወደው ነበር። ሁንዴ ግን አንጀቱ አልችል ብሎት ለናዝሬቷም ነገራት። በወሩ በራሱ መኪና፣ ከጎኑ አስቀምጦ አመጣት።

ቡርቱካን ከኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች። ሰፊ ሴት ናት፤ የወንበሩንም የበሩንም ቦታ ሁሉ ትሞላለች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች።

"ባንቲሁን ምሳ የሚበላበት ቤት ይሄ ነው?"

"ቁርስና እራትም አለ" አልኳት።

"ለብዙ ሹፌር ነው የምታበስዪው?"

"ለአንድ።"

"ለአንድ ከሆነማ አያዋጣሽም" አለችና ገባች።

የያዘችውን ጓዝ መሬት ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ከውስጡ ነብር ወጣ። ብርድ ልብስ ነው፤ ነብር የተሳለበት፣ ዓይኑ አረንጓዴ፣ በግራ ጆሮው ላይ ክሩ የተሳሳተ። እኔ አልጋ ላይ ያለውም ነብር፣ ዓይኑ አረንጓዴ፣ በግራ ጆሮው ላይ ክሩ የተሳሳተ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያንን ብርድ ልብስ ባንቴ የሰጠኝ በሐምሌ ነው። ጅቡቲ፣ በሐምሌ። ንፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ በሚመስልበት ወር፣ አንድ ሰው "እንዳይበርድሽ" ብሎ ብርድ ልብስ ሲያመጣልኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ይሄ ሰው የማይመጣውን ብርድ እንኳ ያስብልኛል አልኩ። ለጎረቤቴ ለራህመት፣ ጥግ ላይ ጫት ለምትሸጠው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚያ ብርድ ልብስ አወራሁላት። ለካ ነብሩ ጥንድ ነበር። ለናዝሬት ሲገዛ ለኔም ደረሰኝ።

ቡርቱካን ቤቱን ዞራ አየች። ፔርሙሱን አነሳች። "አለኝ" አለች። የግድግዳ ሰዓቱን አየች። "አለኝ።" የሽቶውን ጠርሙስ ከፍታ አሸተተች። "ያልቅብኛል ብዬ ቆጥቤው ነበር" አለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። ጥግ ላይ ያለውን ቬንትሌተር ስታይ ግን ቀረብ አለችና "ይሄንንም እኮ ሰጥቶኛል። ናዝሬት ምን ያደርግልኛል እያልኩ ስስቅበት ነበር" አለች።

ያን ጊዜ ባንቴ ከጓዳ ወጣና "እመቤት፣ ውሃ" አለ።

ሁለታችንም ተነሳን።

*

ዶክተር ኡሙልኸይር ይህን ስትሰማ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ብዕሯን አንስታ ጻፈች። ሁለቱን ቤት አንድ ዓይነት ያደረገው፣ ሁለታችንንም በአንድ ስም የጠራው፣ እንዳይሳሳት ነው አለችኝ። እንደዚህ ተጠንቅቆ የኖረ አእምሮ ብዙ መንገድ ያበጃል፤ በሽታው አንዱን ሲዘጋበት በሌላው ይዞራል፤ ስለዚህ ሕመሙ ከጀመረ ዓመታት ቢሆነውም ሳይታወቅበት ሊቆይ ይችላል።

"ይሄ ሙገሳ ነው?" አልኳት።

"ገና መላ ምት ነው" አለች።

መጥፎ ሴት አይደለችም። ፈረንጆቹ የሰጧት ፈተና ሰዓት ሣል፣ ቃል ወደ ኋላ ፊደል በፊደል ቁጠር የሚል ነበር። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሹፌር ሁሉ በሽተኛ ሆኖ ወጣባት። ዓመተ ምሕረት መጠየቋንም ተወች፤ እኛን ሐበሾቹን ስትጠይቅ ሁላችንም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተን ስለተገኘን። ከዚያ ፔካ 12 ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከሹፌሮች ጋር ሻይ እየጠጣች ሌላ ፈተና ሠራች። ፈተናው መንገዱ ነው። ከወደቡ ተነስተህ እስከ ቤትህ ያለውን ከተማ በተራ ጥራ፤ ከዚያ ከቤትህ ወደ ወደቡ ተመለስ።

ባንቴ ሲፈተን አጠገቡ ነበርኩ። ወገቡን አቃና፤ እጁ መሪ የያዘ መሰለ። "ፔካ 12፣ ዌአ፣ ዲክሂል፣ ዮቦኪ፣ ጋላፊ፣ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ መተሃራ፣ ወለንጪቲ፣ ናዝሬት።" አንድም አልዘለለ። ናዝሬት ሲል ፈገግ አለ።

"አሁን ተመለስ" ተባለ።

"ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሃራ፣ አዋሽ..." ገዋኔን ብዙ ፈለጋት። "ሚሌ። ሎጊያ። ሎጊያ..." ጭኑን አሻሸ። "ሎጊያ ላይ ሻይ ልጠጣ" አለና ቀረ።

ዶክተሯ፣ ወደ ኋላ መጥራት ለጤነኛም ሰው ይከብዳል ብላ አስረዳችኝ። ገብቶኛል። የገባኝ ግን ሌላ ነው። ወደ እሷ ቤት የሚወስደው መንገድ እስከ በሩ ድረስ አለ። ወደ እኔ የሚያመጣው ሎጊያ ላይ አልቋል።

"ወደ እኔ መምጣት ነው ወደ ኋላ ማለት?" አልኳት።

"ለዛሬው ፈተና ብቻ" አለች ዶክተሯ።

*

በማግስቱ ተራው የኛ ሆነ። አሥራ ስድስት ጥያቄ ነው፤ ሁሉም "ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር" ብሎ ይጀምራል። እኔና ቡርቱካን ለየብቻ እንጠየቃለን፤ ከሁለቱ ወረቀት ሕመሙን አጥርቶ ያሳየው ይያዛል፤ ስም የሚጻፈውም በዚያው ነው።

ለዶክተሯ ከአማርኛ የሚያስተረጉምላት የበሩ ዘበኛ ዓብዱረዛቅ ነው። ልጅነቱን ድሬዳዋ ነው ያሳለፈው፤ አማርኛው እንደ ሁላችንም ነው። ነገር ግን ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከተማ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዓብዱረዛቅ ለትርጉም አይገኝም። ቀጠሯችን ከሰባት ሰዓት በኋላ እንዲሆን ያስደረግኩት እኔ ነኝ። "ለቡርቱካንም እኔው አስተረጉማለሁ፤ ምን ቸገረኝ" አልኩ። ዶክተሯ ጥቂት አሰበችና ሌላ ሰው ስላልነበራት እሺ አለች።

መጀመሪያ እኔ ገባሁ።

"ከአሥር ዓመት በፊት ጋር ሲነጻጸር የዘመድ ስም እንዴት ያስታውሳል?"

"ያኔም አያስታውስም። የእህቴን ስም መስከረም ነው እያልኩት አሥር ዓመት ሙሉ 'ያቺ እህትሽ' ነው የሚላት።"

"የተባለውን ነገር ይዞ መምጣት?"

"ያኔም አምጣ ያልኩትን ትቶ ነው የሚመጣው።"

"ቀጠሮ?"

"ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ ብሎ በመስቀል ይመጣል። ያኔም፣ አሁንም።"

በኩራት ነው የምመልሰው። የባንቴን ርሳታ ከኔ በላይ የሚያውቀው ማነው? አሥራ ስድስት ዓመት ታግሼዋለሁ፤ "እሱ እንዲህ ነው ተፈጥሮው" እያልኩ ለሰውም ለራሴም አስረድቻለሁ። አሥራ ስድስቱንም ስጨርስ ዶክተሯ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። "በዚህ ከሆነ ምንም አልተለወጠም" አለች።

ከዚያ ቡርቱካን ገባች። እኔ መሃል ተቀመጥኩ።

"የዘመድ ስም?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ባንቲሁን? የጎረቤት ልጅ የልደት ቀን ሳይቀር ያውቅ ነበር። የትልቁ ልጄ የፀጋው ፈተና ሲሆን ከጋላፊ ይደውላል። 'ዛሬ ሒሳብ ነው፣ ቁርስ በልቶ ይሂድ' ይለኛል። አሁን በቀደም ዕለት ፀጋውን በስልክ ሲያናግረው 'አንተ የማን ልጅ ነህ' አለው።"

"የተባለውን ነገር ይዞ መምጣት?"

"አንድ ቀን በስልክ ስናወራ ጨው አልቆብኝ ከጎረቤት ተበደርኩ አልኩት። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያልኩት፤ አምጣልኝም አላልኩት። በሳምንቱ የአሳል ሐይቅ ጨው በዱቄት ጆንያ ሞልቶ መጣ። ማሰሪያ ሲያጣ የጫማውን ክር ፈትቶ አስሮበት፣ አንድ ጫማው ክፍት ሆኖ እየጎተተ ነው የገባው።" ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች።

አሳል ሐይቅ ያለው በዚህ በኛ በኩል ነው። ያ ጨው በኔ ከተማ በኩል አልፎ ነው የሄደው። እኔ ደግሞ ጨው አምጣልኝ ብዬው ለአሥራ ስድስት ዓመት ረስቷል።

ለካ ባንቴ ርሳታም ሰው አልነበረም። የሚያስታውስበት ቦታ ተይዞ ነው። የሷ ልጅ ሒሳብ፣ የሷ ጎረቤት፣ የሷ ጨው ሞልቶበት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ባዶ ጆንያ ነበር። እኔ ደግሞ ባዶውን ጆንያ "ተፈጥሮው ነው" ብዬ ተቀበልኩ።

ዶክተሯ ብዕሯን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። "ምን አለች?"

ቅጽ የሚሞላ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ወረቀቱ የሚፈልገውን። የኔ ወረቀት ባንቴ ደህና ነው ይላል። የሷ ወረቀት ታሟል ይላል። በእውነት ከተተረጎመ የሚጻፈው የሷ ስም ነው።

"ያኔም አያስታውስም ነበር ትላለች" አልኩ። ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ረጋ ብሎ ወጣ።

አሥራ ስድስቱንም እንደዚያው አደረግኩ። ስጨርስ "ዶክተር፣ የኔን ወረቀት እናስተካክለው፤ ቅድም ጥያቄውን ተሳስቼው ነበር" አልኩ። ባንቴን ጎበዝ አስታዋሽ አደረግኩት። የእህቴን ስም አስታወሰልኝ፤ ለዘመን መለወጫ በዋዜማው ደረሰልኝ። ዶክተሯ ለማረጋገጫ አንድ ታሪክ በዝርዝር ንገሪኝ ስትለኝ ጨዉን ነገርኳት። ጆንያውን፣ የጫማውን ክር፣ እየጎተተ መግባቱን። ስናገረው እንዴት እንደጣፈጠኝ! ክፍት ጫማው በኔ በር ሲገባ አየሁት።

"ቆንጆ ታሪክ ነው" አለች ዶክተሯ፤ ጻፈች።

ቡርቱካን "ብዙ አወራሽ" አለችኝ።

"ፈረንሳይኛ ረጅም ቋንቋ ነው።"

*

በመጨረሻ ሦስታችንም አንድ ላይ ተቀመጥን፤ መጀመሪያ እንደነገርኳችሁ፣ እሱ መሃል። የምትጠይቀው እሱን ነው። እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ ምሥጢሩን በፈረንሳይኛ ነገረችኝ፦

"ከመልሱ ይልቅ አንገቱን ነው የማየው። ትዝታው የሚከዳው ሰው ሲጠየቅ፣ መልሱን ታውቅልኛለች ወደሚላት ሰው ዞር ይላል። ሳያስበው ነው የሚዞረው። ይህም ይመዘገባል።"

ከዚያ ወዲህ ከባንቴ አንገት ዓይኔን አልነቀልኩም። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሁለት ጥልቅ መስመር ያለው አንገት ነው። ስንት ጊዜ ሎሚ አሽቼለታለሁ።

"ትናንት ምን በላህ ትላለች" አልኩት።

ዞረ። ወደ ግራ፣ ወደ እኔ። "ምን በላሁ እመቤት?"

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ያደግኩ መሰለኝ። በአንገቱ ላይ አሻግሬ ቡርቱካንን አየኋት። እሷ መሬቱን ታያለች።

"አይቆጠርም" አለች ዶክተሯ።

"ለምን?"

"የጠየቀው ድምፅ የርስዎ ነው። ሰው ወደ ጠየቀው ሰው ይዞራል። ሌላ ሰው መጠየቅ አለበት።"

እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለግኩ፤ አጣሁ። ዶክተሯ ራሷ ወጥታ ዓብዱረዛቅን ከግንቡ ጥላ ሥር አስነስታ አመጣችው። አንድ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ሽርጡን እያስተካከለ ገባና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

"ጋሼ" አለው ባንቴን፣ "በሞቴ፣ ትናንት ምን በላህ? ዶክተሯ ናት የጠየቀችህ፣ እኔ አልራበኝም።"

ባንቴ እንደ ሹፌር አደረገ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ በሁለቱም በኩል መኪና እየመጣ እንደሆነ። ፊት ለፊት ተመለከተ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

"እመቤት፣ ምን በላን?" አላት ቡርቱካንን። እሷ ገና አምስት ቀኗ ነው እዚህ ከተማ። ያበሰልኩት እኔ ነኝ።

"ዓሣ" አለችው።

ዶክተሯ ጻፈች። በሁለተኛው ጥያቄ ዞረ፤ ወደ ቀኝ። በሦስተኛው ግራ ቀኝ ማየቱንም ተወው። አራተኛው የማረጋገጫው ጥያቄ ነበር። ዶክተሯ በሶማልኛ ነገረችው፤ ዓብዱረዛቅ ተረጎመ፦

"ጋሼ፣ ጨው በጆንያ አምጥተህ ታውቃለህ ወይ? ለማን ነው ያመጣኸው?"

ባንቴ ወደ ቡርቱካን ዞረና ክንዷን በእጁ ጀርባ ነካ አደረጋት። "ንገሪያቸው" አለ።

እሷም ነገረቻቸው። ጎረቤቷን፣ የዱቄት ጆንያውን፣ የጫማውን ክር፣ እየጎተተ መግባቱን። ዓብዱረዛቅ ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አሻግሮ፣ እየሳቀ፣ ቃል በቃል ለዶክተሯ በሶማልኛ ነገራት። የራሱን ነጠላ ጫማ እየጎተተ ሳይቀር አሳያት።

ዶክተር ኡሙልኸይር አልሳቀችም። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ በጣቷ መስመር በመስመር አነጻጸረች።

"ማዳም አፀደ፣ ጨዉ ሁለት ጆንያ ነበር?"

"ባንቴ ሁሉን ነገር በሁለት ነው የሚገዛው" አልኩ። "ጽፈውታል እኮ።"

እውነትም ጽፋዋለች። ለአፍታ ልታምነኝ ነበር። "የጫማውንም ክር ሁለቱን ፈታ ማለት ነው" አለች። "ታዲያ ለምን አንድ ጫማው ብቻ ተከፈተ?"

ወረቀቴን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ።

"እኔ ከዚች ወረቀት ተነስቼ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ የምለካው" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "መነሻው ውሸት ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ውሸት ነው። የሱ መድኃኒትም በዚያ ነው የሚመጠነው።"

"ለኔ ጨው አምጥቶ አያውቅም" አልኩ። "ተበድሬም ነግሬዋለሁ። አምጣም ብዬዋለሁ።"

ቡርቱካን "ምንድነው የሚሉት?" አለች ለዓብዱረዛቅ። የገባውን በአማርኛ ነገራት። ልከለክለው አልቻልኩም። ወደ እኔ ዞረች፤ ባንቴን በደረቱ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ጨዌንም?" ብቻ አለች።

ዶክተሯ ሁለቱንም ወረቀት ቀደደችና አዲስ አወጣች። ዓብዱረዛቅ እየተረጎመ፣ ጫቱን እያላመጠ፣ አሥራ ስድስቱ ጥያቄ እንደገና ተጠየቀ። የቡርቱካን ወረቀት ተያዘ። ዶክተሯ በዚያ መስመር ላይ ስሟን ጻፈች፤ ከሥሩ ባለው ባዶ መስመር ላይ ቆመች።

"አድራሻ?"

ዓብዱረዛቅ ተረጎመ። ቡርቱካን ጅቡቲ ውስጥ አድራሻ የላትም፤ ያላት የሁንዴ መኪና ሰሌዳ ቁጥር ነው። ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ የትም አይደርስም። ያ ቅጽ ካልደረሰ ደግሞ ባንቴ በሳምንቱ ናዝሬት ነው፤ ከሷ ጋር፣ ከግቢው በር ጋር፣ ከሒሳቡ ልጅ ጋር። እኔ ግን ሎጊያ ላይ ቀርቻለሁ።

"ካርቲየ 2" አልኩ። የቤቴን ምልክትም ነገርኳት፤ ከራህመት ጫት መሸጫ ሁለት በር አልፎ።

"ማን ጠየቀሽ?" አለች ቡርቱካን።

"ቅጹ።"

*

አሁን አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ቡርቱካን ዕቃዋን ከናዝሬት አስጭና ስለገባች፣ ቤቴ ውስጥ ሁለት ነብር፣ ሁለት ቬንትሌተር፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት አለ። ፔርሙሶቹ እንዳይቀላቀሉብኝ የኔ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ፤ ቡርቱካን በማግስቱ የሷ ላይም ቀይ ክር አሰረች። ባንቴ "እመቤት" ሲል ቀድማ የደረሰች ታስተናግደዋለች። እሷ ሰፊ ናት፤ እኔ ፈጣን ነኝ። ፈረንሳይኛም እየለመደች ነው፤ ከኔ የመድኃኒት ካርቶን።

በየሦስት ወሩ እንሄዳለን። ዶክተሯ፣ እንደሱ ሁኔታ አወራረዱ ቀርፋፋ ነው ትላለች፤ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ሳይረዳው አልቀረም ብላለች። ይሄንንም ጽፋለች። ሎጊያን ግን አልተሻገረም።

ሲጠየቅ አሁንም ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ምሳ ሳቀርብለት "ጨው ልጨምር?" እለዋለሁ፤ አንገቱ ወደሷ ይሄዳል። እሷም "ይበቃዋል" ትላለች፣ ቀና ሳትል። ስለዚህ እሷ ባለችበት መጠየቅ ትቻለሁ።

ቡርቱካን በሰባት ሰዓት ዓሣ ልትገዛ ትወጣለች፤ ዓሣ መምረጥ አታውቂበትም ትለኛለች። እሷ ጥጉን ስትታጠፍ ባንቴን አውጥቼ በሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በቀኙ ባዶ ወንበር አደርጋለሁ። በግራው እኔ እቀመጣለሁ። ከዚያ ራህመትን እጠራታለሁ። የሚጠይቀው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ የዶክተሯ ሕግ ነው።

"ዛሬም?" ትለኛለች ራህመት፣ ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ እየሸፈነች።

"ዛሬም።"

"ምን ልጠይቀው?"

"የፈለግሽውን።"

"ጋሽ ባንቴ" ትለዋለች ከጠረጴዛዋ ሆና ጮክ ብላ፣ "ዛሬ ቀኑ ምንድነው?"

ወደ ቀኝ ይዞራል። ወንበሩን ያየዋል። ብዙ ጊዜ ያየዋል፤ ይሄኛውን ክፍል አልወደውም። ከዚያ አንገቱ ይመለሳል፣ መንገዱን ይሻገራል፣ ወደ ግራ ይመጣል፣ እኔ ላይ ይቆማል። ዓይኖቹ መልሱን ይለምኑኛል።

መልሱን አውቀዋለሁ። ሐሙስ ነው። ግን ወዲያው አልነግረውም፤ ትንሽ ይየኝ።